የሐኪም እጥረት ወይስ የደመወዝ እጥረት?
ስለ ሕዝብ ሕክምና ወጪ የሚደረገው ክርክርና የቃሊቲ ነጋዴ

ንግድ የሚቆመው በገንዘብና በዕቃ ብቻ አይደለም፤ በጤነኛ ሰውም ነው። ዕቃ ከጂቡቲ ወደብ ተነሥቶ ቃሊቲ ጉምሩክ እስኪደርስ፣ ከጉምሩክም ተለቆ በመጋዘን አልፎ ወደ ሱቅ እስኪገባ ድረስ በብዙ ሰው እጅ ያልፋል። ሾፌሩና ረዳቱ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ዕቃ አስተላላፊው፣ መጋዘን ጠባቂው፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ከእነዚህ አንዱ ሲታመም የዕቃው ጉዞ ይዘገያል፤ ዕቃው በዘገየ ቁጥርም የመጋዘን ኪራዩና የባንክ ወለዱ ይጨምራል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም።

ይሁን እንጂ ሠራተኛው ሲታመም የሕክምናው ወጪ ከየት ይከፈላል፣ ሐኪሙስ በሥራው ላይ ጸንቶ እንዲቆይ ደመወዙን ማን ይችላል የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የመንግሥትና የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. የተከሠቱት ሁለት ነገሮች፣ ይኸውም የውጭ ዕርዳታ በድንገት መቋረጡና የጤና ባለሙያዎች ሥራ ማቆማቸው፣ ጥያቄውን ወደ አደባባይ አወጡት። ጉዳዩ የሚፈታው በደመወዝ፣ በመዋጮና በመድኃኒት ዋጋ ስለሆነም አሠሪውን፣ አስመጪውንና ባለሱቁን በቀጥታ የሚነካ ሆኗል።

ቃሊቲና ሕመሟ

ቃሊቲ የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር ናት። ከደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካው፣ ጋራዡ፣ መጋዘኑና የጭነት መኪና ማቆሚያው ተደርድሯል። የጉምሩክ ቅርንጫፉ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር የደቡብ መነሻ፣ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ተለይቶ የተዘጋጀው የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። የሥራ ቦታ በበዛበት አገር የሥራ አደጋም ይበዛል። በማሽን የተቆረጠ ጣት፣ ከጭነት ላይ የወደቀ ሰው፣ በአቧራና በጭስ የታፈነ ሳንባ፣ የመኪና አደጋ፣ በተበከለው የአቃቂ ወንዝ ዳር ለሚኖረውም ሕዝብ የሆድ በሽታ፣ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ ሐኪም የሚሹ ናቸው።

የአካባቢው ሰው በመንግሥት ሆስፒታል ተኝቶ ለመታከም አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሐል ከተማ መሄድ ግድ ሆኖበት ኖሯል። ይህን ችግር ያቃለለው በቻይና መንግሥት ዕርዳታ የተሠራውና በ2004 ዓ.ም. ገደማ አገልግሎት የጀመረው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው። ስሙም በ2008 እ.ኤ.አ. በቤጂንግ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ላገኘችው ለጥሩነሽ ዲባባ መታሰቢያ ነው። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለስ የኖረው የቻይና የሕክምና ቡድንም በዚሁ ሆስፒታል ሲያገለግል ቆይቷል።

ሕንፃውን ወዳጅ አገር ሊሠራው ይችላል፤ ሐኪምም ለጊዜው ሊልክ ይችላል። የኢትዮጵያዊውን ሐኪምና ነርስ የወር ደመወዝ፣ የጓንቱንና የመርፌውን፣ የመድኃኒቱንና የጄኔሬተሩን ነዳጅ ዋጋ ከዓመት እስከ ዓመት የሚችለው ግን የአገሩ ገንዘብ ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

እስካሁን የከፈለው ማን ነው?

የሕክምና ወጪን ከሕዝብ መሰብሰብ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1959 እ.ኤ.አ. በመሬት ላይ የሚከፈል የጤና ግብር በድንጋጌ ተቋቁሞ ነበር፤ ከመሬት ግብርና ከትምህርት ግብር ጋር አብሮ ይሰበሰብ ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. የመሬት ሥሪቱ ሲለወጥ ግብሩም ከመሠረቱ ጋር አብሮ ቀረ። ኋላም በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና አገልግሎት ገንዘብ አያያዝ ስልት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ከበሽተኛ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ሳያስገቡ ለራሳቸው ማሻሻያ እንዲያውሉት፣ በቦርድ እንዲተዳደሩ፣ ሐኪሞችም ከመደበኛ ሰዓት ውጭ በዚያው በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ በክፍያ የሚያክሙበት ክፍል እንዲከፈት መንገዱን አመለከተ። ወሊድ፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምናን የመሰሉት አገልግሎቶች በነፃ እንዲሰጡ ተወሰነ፤ ለድኆችም ነፃ የመታከሚያ ወረቀት ተፈቀደ።

ስለዚህ የሕክምናው ሒሳብ ሲተነተን ሦስት ከፋዮች ይገኛሉ። አንደኛው መንግሥት፣ ሁለተኛው የውጭ ዕርዳታ ሰጪ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሕመሙ ቀን ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍለው በሽተኛ ነው። በ2012 ዓ.ም. በተጠናው የጤና ወጪ ሒሳብ ሦስቱ እያንዳንዳቸው ከጠቅላላው ወጪ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ተሸክመው ታይተዋል። ይህ አከፋፈል ለጊዜው ሚዛኑን የጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን ከሦስቱ እግሮች አንዱ በሌላ አገር ምክር ቤት ውሳኔ የሚቆም፣ ሌላው ደግሞ ሰው ከታመመና ገቢው ከተቋረጠ በኋላ የሚጠየቅ ነው። እንዲህ ባለ መሠረት ላይ ሱቅ የሚያቆም ነጋዴ አይገኝም።

የመጀመሪያው እግር ምን ያህል ደካማ እንደነበረ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ታየ። አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን እንዳገደ በዚሁ ገንዘብ ሲከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ተደረገ። ለዓመታት የተደራጀ ሥራ በአንድ ደብዳቤ ቆመ።

ሐኪም ጠፍቶ አይደለም

ሁለተኛው ድንጋጤ የመጣው ከሐኪሞቹ ከራሳቸው ነው። በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የመኖሪያ ቤትና የራሳቸው የሕክምና ዋስትና ጥያቄ አቅርበው መልስ እስኪያገኙ ድረስ ከግንቦት 11 ቀን ጀምሮ በከፊል ሥራ አቆሙ። መንግሥት ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነው፣ የበሽተኞችን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ነው ሲል ተቃወመው፤ በርካታ ባለሙያዎችም ታሰሩ። ባለሙያዎቹ በበኩላቸው የሚከፈላቸው ደመወዝ ከቤት ኪራይና ከምግብ እንደማያልፍ ተናገሩ።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት ነገር ቀላል አይደለም። ድንገተኛ ሕመም የያዘው ሰው የደመወዝ ክርክር እስኪያልቅ ሊቆይ አይችልም። ሐኪሙም ቢሆን ስድስትና ሰባት ዓመት ተምሮ፣ ሌሊት በተረኛነት አድሮ፣ ልጆቹን ማሳደር ካቃተው ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ ሌላ ሥራ ቢሄድ አይፈረድበትም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተሻሽሎ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ጀማሪ ሠራተኛ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው እፎይታ ቢሰጥም፣ የብር የመግዛት አቅም በወደቀበት ጊዜ የመጣ በመሆኑ ክርክሩን አልዘጋውም።

በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሳት አንድ ነጥብ አለ። በኢትዮጵያ ለ10,000 ሰው የሚደርሰው ሐኪም አንድ ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም መፍትሔው ሐኪም ማሠልጠን ብቻ ይመስላል። በእርግጥም አገሪቱ በሥልጠናው በኩል ብዙ ደክማለች። በ1954 እ.ኤ.አ. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈቱ ተማሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ግን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከሁለት ደርዘን በላይ ሆነው በየዓመቱ የሚመረቁት ሐኪሞች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነዋል።

ውጤቱ ግን ያልተጠበቀ ነው። በአንድ በኩል ሐኪም ያጣ ሕዝብ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ተመርቆ ቅጥር ያጣ ሐኪም በአንድ አገር ውስጥ ተገኙ። ይህ ነገር ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። ገዢው ዕቃውን እየፈለገ፣ ዕቃውም በመጋዘን ተከምሮ ሳለ፣ የገዢው ኪስ ባዶ ስለሆነ ገበያው የሚቆምበት ጊዜ አለ። በሕክምናውም የሆነው ይኸው ነው። ያጠረው የተማረ ሰው ሳይሆን በየወሩ ሳይቋረጥ ደመወዝ የሚከፍል የጸና ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ ካልተገኘ አዲስ ሕንፃ መሥራትም ሆነ ተጨማሪ ሐኪም ማስመረቅ ችግሩን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውረው እንጂ አይፈታውም።

የ3 በመቶው ክርክር

ገንዘቡን ለማግኘት መንግሥት ያቀደው መንገድ የጤና መድን ነው። መድኑም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ኋላ በአብዛኛው የአገሪቱ ወረዳዎች የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይህ ደመወዝ ለሌለው ሰው፣ ይኸውም ለገበሬው፣ ለባለሱቁና ለጉሊት ነጋዴው የታሰበ ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ የተወሰነ መዋጮ ይከፍላሉ፤ መክፈል ለማይችሉት ድኆች መንግሥት ይከፍልላቸዋል።

አሠራሩ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደለም። ዕድር ለቀብርና ለለቅሶ የሚያደርገውን ይህ ለሕመም ያደርገዋል ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው ተረት የመድንን ትርጉም ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ አሳጥሮ ያስረዳል።

ሁለተኛው የደመወዝተኛው ማኅበራዊ ጤና መድን ነው። አዋጁ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። በታቀደው መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም በበኩሉ 3 በመቶ እንዲከፍሉ፣ ጡረተኛው ደግሞ 1 በመቶ እንዲያዋጣ ነበር። ይሁን እንጂ ይጀመራል በተባለ ቁጥር ተቃውሞ እየገጠመው ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ኖሯል።

የተቃዋሚዎቹ ቃል ሲጠቃለል ሦስት ነው። ሠራተኛው፣ ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ከደመወዜ ለምን ይቀነሳል ይላል። ባንኮችን በመሰሉ ትልልቅ ድርጅቶች ያለው ሠራተኛ ደግሞ፣ ድርጅቴ አሁንም ያሳክመኛል፤ የተሻለውን አስጥላችሁ ወደ አነሰው አትውሰዱኝ ይላል። ሁለቱም በአንድነት፣ ገንዘቡን ብንከፍል እንኳ በመንግሥት ሆስፒታል ሐኪምና መድኃኒት ማግኘታችን በምን ይረጋገጣል ሲሉ ይጠይቃሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው፣ ዕርዳታ በተቋረጠበት ዘመን ሌላ የጸና ምንጭ የለም፤ አንድ ከባድ ቀዶ ሕክምና የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ጥሪት ከሚያሟጥጥ ሁሉም በየወሩ ጥቂት ቢያዋጣ ይሻላል ይላሉ።

ለአሠሪው ነገሩ በቁጥር ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል። በወር 12,000 ብር የሚያገኝ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ቢኖር አሠሪው ለጡረታ 11 በመቶ፣ ማለት 1,320 ብር ይከፍልለታል፤ ሠራተኛውም 7 በመቶ፣ ማለት 840 ብር ይቀነስበታል። መድኑ ሲጨመር በእያንዳንዳቸው ላይ 360 ብር ይታከላል፤ በዓመት ከአሠሪው 4,320 ብር ይወጣል ማለት ነው። አርባ ሠራተኛ ላለው ድርጅት የዓመቱ ወጪ 172,800 ብር ይደርሳል። ይህ ትርፉ ስስ ለሆነ ንግድ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ነገር ግን ከሚዛኑ በሌላው ወገን ያለውም መቆጠር አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል። ያው የመጋዘን ሠራተኛ ሦስት ወር ቢታመም አሠሪው ሥራ ሳይሠራለት 24,000 ብር ይከፍላል፤ የተተኪው ሠራተኛ ደመወዝና የሥራው መጓተት ከዚህ በላይ ነው። በዚህ ላይ የሠራተኛው ቤተሰብ ሲታመም የሚመጣው የብድርና የደመወዝ ቅድሚያ ጥያቄ ይጨመራል። እርግጥ ነው፣ መድን የሕመም ፈቃድን አያስቀርም። በጊዜ የታከመ ሰው ግን ለሦስት ወር የሚያስተኛውን ሕመም በሦስት ሳምንት ሊወጣው ይችላል። እንግዲህ ነጋዴው ለሕክምና መክፈል ወይም አለመክፈል ከሚል ምርጫ ፊት አልቆመም። አሁንም እየከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ግን ሳያውቀው፣ ሳያቅደውና ከጉዳቱ በኋላ ነው።

ባዶ መደርደሪያ

የመድኑን ስም ከሁሉ ይልቅ የጎዳው የመድኃኒት መጥፋት ነው። መዋጮውን የከፈለ ሰው በሐኪም ታይቶ ማዘዣ ከተጻፈለት በኋላ፣ መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዛ ሲባል ሁለት ጊዜ እንደከፈለ ይሰማዋል። በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን ሳያሳድስ ቢቀር ሊያስደንቅ አይገባም።

ምክንያቱን ለመረዳት ከአስመጪ የቀረበ ሰው የለም። የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት የሚገዙት በአብዛኛው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሲሆን፣ መድኃኒቱ ተሸጦ የተገኘው ገንዘብ ተመልሶ ሌላ መድኃኒት ይገዛበታል። ተዘዋዋሪ ገንዘብ የሚባለው ይህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በቀድሞው ዋጋ 17,500 ዶላር ያህል የሚገዛ አንድ ሚሊዮን ብር 10,000 ዶላር እንኳ የማይሞላ ሆነ። በድሮ ዋጋ ሸጦ በአዲስ ዋጋ መተካት ያቃተው ነጋዴ የሚደርስበት ሁሉ በሆስፒታሉ የመድኃኒት ክፍልም ደረሰ። በዚህ ላይ የመድን ገንዘቡ ለሆስፒታሉ የሚመለሰው ሒሳቡ ተመርምሮ፣ ብዙ ጊዜም ዘግይቶ በመሆኑ፣ በዱቤ ሸጦ ገንዘቡን በጊዜ ያልሰበሰበ ባለሱቅን ያስመስለዋል።

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን መድኃኒት አብዛኛውን ከውጭ ታስገባለች። ስለዚህ የሕክምና ክርክር በአንድ ጎኑ የውጭ ምንዛሪ ክርክር ነው። የቂሊንጦ ፓርክ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች መለየቱ ዓላማው ይኸው ነበር። ፋብሪካ ግን የሚመጣው በጊዜ የሚከፍል ገዢ ሲኖር ነው፤ በጊዜ የሚከፍል ገዢ ሊሆን የሚችለውም ካዝናው የጸና መድን ነው። ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ናቸው።

የሌሎች አገሮች መንገድ

ጋና በ2003 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የጤና መድን ስታቋቁም ዋናውን ገንዘብ ያገኘችው በሸቀጥና በአገልግሎት ላይ ከተጣለ 2.5 በመቶ ልዩ ቀረጥ ነው። በዚህ መንገድ ደመወዝ የሌለውም ሰው በገዛ ቁጥር ያዋጣል፤ ሰብሳቢው ግን ነጋዴው ስለሆነ የሒሳብ ሥራው ይበዛበታል፤ ገንዘቡም ወደ መድኑ ሳይደርስ በግምጃ ቤት የቆየባቸው ጊዜያት ብዙ ክርክር አስነሥተዋል። ኬንያ ደግሞ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከደመወዝ 2.75 በመቶ ትሰበስባለች። በዚያም ቢሆን በዚያው ዓመት ሐኪሞች ለ56 ቀናት ሥራ አቁመው ነበር። ገንዘብ መሰብሰብ ብቻውን ሐኪሙን በሥራው ላይ እንደማያጸና ይህ ያሳያል።

በአገር ውስጥም ሌላ አሳብ የሚያቀርቡ አሉ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በትምባሆ፣ በአልኮልና በለስላሳ መጠጥ ላይ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው ለሕክምና ተለይቶ ይቀመጥ የሚሉት ናቸው። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለማዋል ቃል መግባታቸውንም የሚያስታውሱ አልጠፉም፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኞቹ አገሮች ግን እዚያ አልደረሱም።

ነጋዴው ሊጠይቅ የሚገባው

ክርክሩ እዚህ ከደረሰ የንግዱ ማኅበረሰብ ዳር ቆሞ መመልከቱ አይጠቅመውም። መዋጮውን በጭፍን መቃወምም ሆነ በጭፍን መቀበል የነጋዴ ልማድ አይደለም፤ ነጋዴ ውል ሲገባ ምን ሰጥቶ ምን እንደሚቀበል ያሰላል። በዚሁ መሠረት ሦስት ነገሮች አስቀድመው በጽሑፍ ሊጸኑ ይገባል።

አንደኛ፣ ለሕክምና የተሰበሰበ ገንዘብ ለሕክምና ብቻ መዋሉ በየዓመቱ በገለልተኛ ኦዲተር ተመርምሮ ሒሳቡ በይፋ ይውጣ፤ አሠሪዎችና ሠራተኞችም በሚያስተዳድረው ቦርድ ውስጥ መቀመጫ ይኑራቸው። ሁለተኛ፣ መድኑ ለሆስፒታሎች የሚከፍልበት የጊዜ ገደብ ተወስኖ፣ ከተከፈለውም ገንዘብ ለባለሙያዎች ደመወዝና ለመድኃኒት መግዣ የሚውለው ድርሻ ተለይቶ ይታወቅ። ሦስተኛ፣ በመንግሥት ሆስፒታል መድኃኒት ወይም ሐኪም ያልተገኘለት አባል ውል በተገባለት የግል ሐኪም ቤት ወይም ፋርማሲ በመድኑ ወጪ እንዲገለገል ይፈቀድለት፤ ተጠቃሚው የሚሄድበት አማራጭ ካለው የመንግሥቱም ተቋም መደርደሪያውን ለመሙላት ይተጋል።

እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ 3 በመቶው ግብር ሳይሆን የዕቃ ኢንሹራንስን የመሰለ ወጪ ይሆናል። አስመጪው በባሕር ላይ ላለው ዕቃው የመድን አረቦን ሲከፍል መርከቡ ይሰጥማል ብሎ አይደለም፤ ቢሰጥም ግን ቤቱ አብሮ እንዳይሰጥም ነው። ለዕቃው ይህን ያህል የተጠነቀቀ ነጋዴ ዕቃውን ለሚያወርደው፣ ለሚቆጥረውና ለሚሸጠው ሰው ተመሳሳይ ጥንቃቄ ቢያደርግ ኪሳራ አይሆንበትም። ሦስቱ ካልተሟሉ ግን መዋጮው ቢጨምርም ሐኪሙ መሄዱን፣ መደርደሪያውም ባዶ መሆኑን አይተውም፤ ወጪው በነጋዴው መዝገብ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንድ ጊዜ በመዋጮ፣ ሁለተኛ ጊዜ በታመመው ሠራተኛ።